ውስጥ ሰው አለ

ሟቹን ከሳሙና ማደባለቂያው ሲያወጡት የቱታው ኪስ ውስጥ ጓጉንቸር ተገኘ። ትልቅ የብረት ጓጉንቸር ነው፤ ክፍት ነው፤ ቁልፉም እዚያው ተሰክቷል። አብረውት የኖሩት መካኒኮች ሬሳው ጨርቅ እስኪለብስ ድረስ ጥርሳቸውን ነክሰው ቆመው ነበር። ጓጉንቸሩ ሲወጣ ግን አንደኛው ጎልማሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ለምን እንዳለቀሰ ለማያውቅ ሰው ነገሩን ከሥሩ መንገር ይሻላል። ማደባለቂያው ክፍል የሚያህል ጋን ነው፤ ሰው ሆዱ ውስጥ ቢገባ ከውጭ አይታይም፣ ቢጣራም ድምፁ በቅጡ አይሰማም። በዚህ ፋብሪካ ከጥንት የነበረው ደንብ ቀላል ነበር። መካኒክ ወደ ጋኑ ሲገባ የማሽኑን ማብሪያ ያጠፋል፣ በገዛ ጓጉንቸሩ ይቆልፈዋል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ወጥቶ በገዛ እጁ እስኪከፍተው ድረስ የፋብሪካው ባለቤት መጥቶ ቢለምን ማሽኑ አይነሳም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ዘመን መጣ ተባለ። ጓጉንቸሮቹ በካርቶን ተሰብስበው ተወሰዱና በምትካቸው ከጋኑ አጠገብ ስክሪን ተሰቀለ። የሚገባው ሰው ምን ሊሠራ እንደሚገባ ስክሪኑ ላይ ይጽፋል፤ ስክሪኑ ቀይ ይሆንና «ውስጥ ሰው አለ» ይላል፤ ማስነሻውም ቢጫኑት አይሠራም። ሲወጣ የራሱን ምስጢር ቁጥር ነካክቶ ያነሳዋል፤ ስክሪኑ አረንጓዴ ይሆናል። ሁሉም ጓጉንቸሩን አስረከበ፤ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ብቻ እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ጋሼ ጓጉንቸር» ሆኖ ቀረ። ማብሪያው ላይ ቢያንጠለጥለው ከሥራ እንደሚባረር ስለተነገረው ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞር ነበር። ኪሱ ውስጥ እንዳለም ሞተ።

ሊያድነው የሚችለው ነገር ኪሱ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ይህን ሰምታ ደሟ ያልፈላ መርማሪ ካለች እኛ የምንነግራችሁ ስለ እሷ አይደለም።

የእኛዋን መርማሪ ባልደረቦቿ «ቆስቋሽ» ይሏታል፤ የተዳፈነ ነገር አይታ ዝም ብላ ማለፍ ስለማትችል ነው። ፋብሪካው በር ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የሰማችው ቃል «ሲስተም» የሚል ነበር። ይህን ቃል አጥብቃ ትጠላዋለች። የትም ብትሄድ ሲስተም የለም፣ ሲስተም ተቋረጠ፣ ሲስተሙ ነው። ሰው ያጠፋው ሁሉ የሚጫንበት አፍ የሌለው ዘመድ!

የምርት ሥራ አስኪያጁ አንገቱ የወፈረ፣ ድምፁ ከአዳራሽ አዳራሽ የሚሰማ ሰው ነው። ወደ ቢሮው ይዟት ገባ። ገና እግሯን ስታስገባ አዲሱ ምንጣፍ ሥር ያበጠ ነገር አደናቀፋትና ጠረጴዛውን ይዛ ተረፈች። ምንጣፍ አንጣፊዎቹ ቸኩለው ሳይጠርጉ አንጥፈውት እንደሄዱ ነግሯት ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ሲስተሙ ንጹሕ ነው» አላት። «ሽማግሌው ስክሪኑ ላይ አልጻፈም። ጽፎ ከሆነም ያጠፋለት የገዛ አማቹ ነው። አማቹን ደግሞ ይዛችሁታል፤ እንግዲህ ማሽኔን ልቀቁልኝ።»

አማቹ የማደባለቂያው ኦፕሬተር ነው፤ ማስነሻውን የተጫነው እሱ ነው። ፖሊስ የያዘው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። ጓጉንቸሩን ከሁሉ ቀድሞ ያስረከበ እሱ ስለነበር ከሚስቱ አባት ጋር በሰው ፊት ተጣልተዋል። ሽማግሌው «ጓጉንቸርህን የሰጠህ ቀን ነፍስህን ሰጠህ» ሲሉት፣ አማቹ በንዴት «አንድ ቀን ይኸው ጓጉንቸርዎ ይቀብርዎታል» ማለቱን የሰማ ሁሉ መስክሯል። በዚያ ላይ ሽማግሌው ስክሪኑን መንካት ስለተጸየፉ ምስጢር ቁጥሩን ያወጣላቸው አማቻቸው ነበር። ቁጥሩን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያቺ የንዴት ቃል ወደ እስር ቤት ጎትታ አስገባችው።

መርማሪዋ ወደ አዳራሹ ወረደች። ስክሪኑ አረንጓዴውን አብርቶ «ውስጥ ሰው የለም» ይላል። ወደ ጋኑ ከሚያስገባው መሰላል ሥር የማሽን ቅባት የሚገፋ የግራሶ ፓምፕ ተቀምጧል። መካኒኮቹን ጠየቀቻቸው፤ ሁሉም በአንድ አፍ ያ ቀን ጋኑ ውስጥ የሚዞረው ዘንግ ግራሶ የሚቀባበት ተራ እንደነበረ፣ ሽማግሌውም ለዚያ እንደገቡ ነገሯት። ፓምፑን አንስታ አየችው። ሙሉ ነው፣ ጫፉም እንደተከደነ ነው። ግራሶ ሊቀባ የገባ ሰው ፓምፑን ውጭ ትቶ በጣቱ ሊቀባ ነው? ይህን ጥያቄ ለማንም ሳትናገር ያዘችው።

ወደ እስር ቤት ስትሄድ ኦፕሬተሩን ሁለት እጆቹን ጭኑ ሥር ደብቆ ተቀምጦ አገኘችው። እጆቹን ማየት አልፈለገም። በፊት በፊት ከማስነሳቱ በፊት ጋኑን በብሎን መፍቻው በቺያቬ ደብድቦ እንደሚጣራ፣ ስክሪኑ ከመጣ ወዲህ ግን ይህን እንደተወው ራሱ ሳይጠየቅ ነገራት። ከረፍት ተመልሶ ስክሪኑን አየ፤ አረንጓዴ ነበር፤ ተጫነው። ልትወጣ ስትል ብቻ ቀና አለ።

«ሚስቴ ስለ እኔ ጠይቃለች?»

አልጠየቀችም። መርማሪዋ መዋሸት ስላልፈለገች ወደ በሩ አመራች።

የሟቹ ልጅ ቤት የሄደችው በዚያው ቀን ነው። ከምርመራ የተመለሰውን የአባቷን ዕቃ ይዛላት ሄደች፤ ሰዓት፣ መነጽር፣ ያ ጓጉንቸር። ልጅቷ ሌላውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ጓጉንቸሩን እጇ ላይ አስቀረችው። ዓይኗ ደርቋል። አልቅሳ የጨረሰች ሴት ቁጣ ነበር ፊቷ ላይ ያለው።

«እትዬ፣ አባቴን ቀብሬያለሁ» አለች። «ባሌንም አብሬ ልቅበረው ወይስ ልጠብቀው? እስር ቤት በር ድረስ እሄድና እመለሳለሁ። የገደለው እሱ ከሆነ ፊቱን ማየት አልፈልግም። ካልሆነ ደግሞ በዚህ ክፉ ቀን ጥየዋለሁ። ቁርጡን ይንገሩኝ።»

መርማሪዋ ቁርጡን ሳትይዝ እንደማትመለስ ቃል ሰጥታ ወጣች። መንገድ ላይ ግን በራሷ ተናደደች፤ ያልያዘችውን ነገር ቃል መስጠት ልማዷ አልነበረም።

በማግስቱ የፋብሪካውን የኮምፒዩተር ባለሙያ ጠየቀች። ገና ወጣት ሴት ናት፤ ስትናገር የመታወቂያዋን ክር ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች። እንደ ነገረቻት ከሆነ ሽማግሌው በሞቱበት ዕለት ጠዋት አዲስ ሶፍትዌር ሊጭን ከውጭ ሰው መጥቶ ነበር። ጫነ፣ ዋናውን ኮምፒዩተር አጥፍቶ አስነሳ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ታመሰ። የሳሙናው ቀመር፣ የመጋዘኑ ፋይል፣ የቆየው ሁሉ ድራሹ ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ በስልክ ያብዳል። ጫኚው እሷን ሌላኛው ሕንጻ ሄዳ ስክሪኖቹን እንድታይለት ላካት። ደርሳ ስትመለስ ፋይሎቹ ሁሉ ቦታቸው ላይ ነበሩ።

«ምን ሆኖ ነው ስለው፣ ሲስተሙ ራሱ ተስተካከለ አለኝ» አለች።

«ሲስተም ራሱ ይስተካከላል?»

«አይስተካከልም» አለች ባለሙያዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን እኔን ማን ይሰማኛል? ፋይሉ ተገኘ፣ ሁሉም አጨበጨበ።»

ሠራተኛው «ጫኚው» የሚለው ሰው ቀጭን፣ ትሑት፣ ሸሚዙ ያልተጨማደደ ነው። መርማሪዋን ቆሞ ተቀበላት፣ ወንበር ሳበላት። ከሥራ አስኪያጁ ጩኸት በኋላ እንዲህ ያለ ሰው ጆሮን ያሳርፋል። ጭነቱ በሰላም እንደተጠናቀቀ፣ ፋይሎቹ ለጥቂት ጊዜ መዘግየታቸው በየትም የሚያጋጥም ነገር እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳት። ስለ ሟቹ ሲነሳም አንገቱን ደፋ።

«ለአንዲት እራፊ ጨርቅ ሲባል የሰው ሕይወት መጥፋቱ ልብ ይሰብራል» አለ። «እግዜር ያጽናቸው ነው የሚባለው።»

ከዚያም ልመና አቀረበ። የዋናው ኮምፒዩተር ክፍል በፖሊስ ስለታሸገና ከውጭ የሚገባበት መስመር ሁሉ ስለተቆረጠ አንዳንድ የጥገና ሥራ ቀርቶበታል። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ፣ እሷ በር ላይ ብትቆምም ግድ የለውም፣ ቢከፈትለት። ለማስረጃውም ደህንነት ይበጃል። እንደማይከፈት ስትነግረው ፈገግ ብሎ እንደገና ጠየቀ። ለሦስተኛ ጊዜም ጠየቀ። መርማሪዋ ትሑት ሰው እንዲህ ሲደጋግም አይታ አታውቅም።

ከግቢው ልትወጣ ስትል መጋዘን የምትሠራ አንዲት ሴትዮ እጇን ይዛ አስቆመቻት። ስለ ሟቹ የምትነግራት መስሏት ነበር፤ ሴትዮዋ ግን የራሷ ብሶት ነበራት። በዚያ ዕለት ጠዋት ከመጋዘን የወጣውን ካርቶን ሁሉ ስክሪኑ ላይ ጽፋ ነበር። ከረፍት ስትመለስ የለም። ሁለተኛ ስትጽፈው የምርት ሥራ አስኪያጁ እንደ ሰነፍ ቆጥሮ ሰደባት። ይህም ሳያንስ ቢሮውን የምታጸዳው ጓደኛዋ እስክሪብቶ ሰርቀሻል ተብላ በየቀኑ ትሰደባለች።

«ጠዋት የጻፍሺው ሁሉ?» አለች መርማሪዋ።

«ሁሉም። የድሮው ሲመለስ የእኔው ጠፋ። አንዱን ሰጥቶ አንዱን ይወስዳል እንዴ?»

መርማሪዋ ወደ ማሸጊያው ክፍል ተመለሰች። እዚያም ያው ነው። በዚያ ጠዋት ማንም የጻፈው ነገር የለም፤ የሁሉም ጠፍቷል፣ ሁሉም ዝም ብሎ ሁለተኛ ጽፎታል። የሞተ ሰው ብቻ ነው ሁለተኛ መጻፍ ያልቻለው።

ሌላ ጥያቄ ይዛ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስትገባ ያ ያበጠው ምንጣፍ እንደገና አደናቀፋት። በዚህ ጊዜ አላለፈችውም። ተንበረከከችና የምንጣፉን ጠርዝ ገልባ ገለጠችው። ከሥሩ ወፍራም ብርማ እስክሪብቶ ወጣ።

«ስፈልገው የከረምኩት!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የጽዳት ሠራተኛዋን ሌባ የሚሏት በዚህ ነው?»

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። መርማሪዋ አልሰጠችውም፤ እስክሪብቶውን እንደያዘች እዚያው ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። ያልጠፋ ነገር፣ የተነጠፈበት ነገር፣ በሰው ላይ የተላከከ ነገር። ተነሥታ ሩጫ በሚመስል እርምጃ ወደ ኮምፒዩተር ባለሙያዋ ሄደች።

«ፋይል ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል?» ብላ ጠየቀቻት።

ባለሙያዋ መጀመሪያ የምትቀልድ መሰላት። መርማሪዋ ስታስረዳት ግን የመታወቂያው ክር ከጣቷ ተፈታ፣ እጇም አፏ ላይ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተቀምጠው የተነጋገሩት ረጅም ነበር። ሲጨርሱ መርማሪዋ ስልክ ደውላ እስረኛው እንዲመጣ አዘዘች። የሟቹን ልጅም ራሷ ሄዳ አመጣቻት።

ሁሉም የተሰበሰቡት ጋኑ ያለበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወንበር አስመጥቶ ተቀምጧል። ጫኚው ኮምፒዩተሩን በደረቱ ታቅፎ ቆሟል። የመጋዘኗ ሴትዮ መካኒኮቹ መካከል ናት። ኦፕሬተሩ በካቴና ከፖሊስ ጋር ሲገባ ሚስቱ ከአዳራሹ ማዶ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እሱም ቀና አላለም። ባለሙያዋ ከጠረጴዛ ኋላ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ከእሷ አጠገብ የታሸገውን ክፍል የሚጠብቀው ፖሊስ ቆሟል።

«ሰዓቴን አታባክኑብኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል።»

«ዘንዶውን ነው የምፈልገው» አለች መርማሪዋ።

ከዚያም ጀመረች። መጀመሪያ ስለ ኦፕሬተሩ ተናገረች። ሽማግሌው የጻፉትን በምስጢር ቁጥራቸው አንስቶት ቢሆን ኖሮ «ገባ፣ ወጣ» የሚል ምልክት ሲስተሙ ላይ ይቀር ነበር። የትኛውም ሰው ገብቶ ሲወጣ ይቀራል። በዚያ ቀን ግን መግባታቸውም መውጣታቸውም የለም። ስለዚህ ማንም አላነሳውም። ወይ አልጻፉም፣ ወይ የጻፉት ከዓይን ተሰውሯል።

«አልጻፈም ብያለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

መርማሪዋ የመጋዘኗን ሴትዮ ጠየቀቻት፤ ጽፋ እንደጠፋባት ተናገረች። ከማሸጊያው ክፍል የመጡት ተናገሩ። እንግዲህ በዚያ ጠዋት ያልጻፈው ፋብሪካው በሙሉ ነው ወይ? አለች መርማሪዋ። ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ስንፍና አይያዘውም። የጠፋው የሁሉም ከሆነ የሽማግሌው ብቻ ጥፋት አይሆንም። ከዚያ ባለሙያዋን እንድትናገር ጋበዘቻት።

ባለሙያዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች፤ እየቆየ ግን ጠነከረ። ዋናው ኮምፒዩተር ውስጥ «መዝገብ» የሚባል ፎልደር አለ። ፎልደሩ ባዶ ወለል ማለት ነው። የሁሉም ጽሑፍ የሚቀመጠው ሌላ ትልቅ ዲስክ ላይ ሲሆን፣ ዲስኩ እንደ ምንጣፍ ፎልደሩ ላይ ይነጠፋል፤ ባለሙያዎች ማውንት ማድረግ ይሉታል። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ዲስኩን በራሱ እንዲያነጥፍ አንድ መስመር ትእዛዝ ሊጻፍለት ይገባል። በዚያ ጠዋት ያ መስመር ተረሳ። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ወለሉ ባዶ ቀረ፤ የድሮው ፋይል ሁሉ የጠፋ መሰለ። ሰዎች የሚጽፉት አዲሱ ነገር ግን ባዶው ወለል ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ማሽን አያጉረመርምም። በኋላ ዲስኩ ሲነጠፍ የድሮው ተመለሰ፣ ጠዋት የተጻፈው ከሥር ቀረ። ስክሪኑም ከላይ ያለውን ብቻ ስለሚያይ ቀዩ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ።

«አልጠፋም» አለች። «እዚያው ነው። ተነጥፎበታል።»

ኦፕሬተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ስክሪኑን አየ።

ጫኚው ጉሮሮውን ጠረገ። ትሕትናው አልጎደለም። ይህ ሊሆን የሚችል ነገር መሆኑን፣ ከሆነም ማንም ያላሰበው ያልታደለ አጋጣሚ እንደሆነ፣ ዲስኩን ያነጠፈ ሰው ከሥሩ ምን እንዳለ ሊያውቅ እንደማይችል ተናገረ። ሁለት ሦስት ሰው ራሱን ነቀነቀለት።

«ይህ ኮምፒዩተር ያሳውቃል» አለች ባለሙያዋ። «ፎልደሩ ባዶ ካልሆነ እምቢ ይላል። ውስጡ ነገር አለ፣ እይ ይላል። ያነጠፈው ሰው አስገድዶ ነው ያነጠፈው።»

«ቢያስገድድም ገልጦ አንብቧል ማለት አይደለም» አለ ጫኚው።

«እዚህ ላይ ነው የፈለግኩዎት» አለች መርማሪዋ። ወደ መካኒኮቹ ዞረች። «ጋሼ ጋኑ ውስጥ ምን ሊያደርጉ ገቡ?»

ግራሶ ሊቀቡ፣ አሉ ሁሉም። ሥራ አስኪያጁም ግራሶ አለ። ኦፕሬተሩም ግራሶ ይመስለኛል አለ።

«እርስዎስ?» አለችው ጫኚውን።

«እነሱ እንዳሉት ነው። ግራሶ።»

«ለእኔ ግን እራፊ ጨርቅ ብለውኛል። ለአንዲት እራፊ ጨርቅ ሲባል ሕይወት ጠፋ ብለው አንገትዎን ደፉልኝ። የግራሶ ፓምፑ እንደተከደነ ውጭ ስለነበር ለሌላ ነገር እንደገቡ ገምቼ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም። ጋኑ ውስጥ ጨርቅ የነበረ ቢሆን እንኳ ከሳሙናው ጋር ተፈጭቶ ጠፍቷል። እርስዎ ከማን ሰሙ?»

«ሰዎች ሲያወሩ…»

«ከእነዚህ መካከል የነገርዎትን በጣትዎ ያሳዩኝ።»

ጫኚው ወደ ሰዎቹ አየ። ማንም ዓይኑን አልሰጠውም።

«እኔም ከሥር ያለውን ገና አላየሁትም» አለች መርማሪዋ። «ማንም አላየውም። ግራሶ የሚል ከወጣ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት።» ለባለሙያዋ ራሷን ነቀነቀችላት። «ግለጪው።»

ባለሙያዋ አንድ መስመር ጻፈችና ጣቷን ጫነች። ለአፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከጋኑ አጠገብ ያለው ስክሪን ቀይ ሆነ፤ የአዳራሹ ግድግዳም በቀዩ ብርሃን ቀላ። ጽሑፉ እስከ በሩ ድረስ ይነበባል።

«ውስጥ ሰው አለ» ይላል ከላይ። ከሥሩ ደግሞ ሽማግሌው አንድ አንድ ፊደል እየፈለጉ የጻፉት ነበር፦ «ውስጥ ነኝ። ዘንጉ ላይ እራፊ ጨርቅ ተጠምጥሟል፣ አውጥቼ እመጣለሁ። ማንም እንዳይነካ።»

ልጃቸው አባባ ብላ ወደ ስክሪኑ ሄደችና መዳፏን ጽሑፉ ላይ አደረገች። ኦፕሬተሩ በካቴና የታሰረ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ወጥቷል ብዬ ነው» አለ ጫኚው። አሁን ድምፁ ሌላ ሰው ሆኗል። «ከጻፈ ቆይቷል፣ ወጥቷል ብዬ ነው። ሁሉም ይጮሁብኝ ነበር። ከሰዓት የሥራ ርክክብ ነበረብኝ። መስመሩን እንደረሳሁ ባለሙያዋ ብታይ…»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች መርማሪዋ፤ ቁጣዋ ሲመጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «አንተ ግን ያፈሰስከውን ልትለቅም አልፈለግክም። ደረጃውን ወርደህ አንዴ ብትጣራ ይበቃ ነበር። ጽሑፉን ገልብጠህ ምንጣፉ ላይ ብታኖረው ይበቃ ነበር። ማሽኑ ሰው አለ አለህ፤ እምቢ አለህ። አንተ አስገደድከው። ማሽኑ ከአንተ ይልቅ ሰው ሆነ። ይህም ይሁን፣ ድንጋጤ ነው እንበል። ሰውየው መሞቱን ከሰማህ በኋላስ? አንድ ልጅ የሚስቱን አባት ገደለ ተብሎ ሲታሰር ሸሚዝህን ተኩሰህ መጣህና ክፍሉን ክፈቱልኝ አልክ። ጽሑፉን ልታጠፋ ነበር። ክፍሉ ሳይታሸግ በፊት ልትገልጠው ያልቻልከው ዲስኩ ሲነሳ ፋብሪካው ሁሉ እንደገና ስለሚጮህ ነው። የፈራኸው ጩኸት ነው፤ ሬሳውን አልፈራህም።»

ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሥቶ ጫኚውን ነፍሰ ገዳይ እያለ ሊያንቀው ሄደ።

«ይቀመጡ» አለችው መርማሪዋ። «ጓጉንቸሩን ማን ሰበሰበ? ፋይሉ አሁኑኑ ካልመጣ እያለ በስልክ ሲያብድ የነበረው ማን ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የእርስዎም ተራ ይመጣል፤ ለእርስዎ ደግሞ ሲስተም የለም የሚል ሰው አይኖርም።»

ጫኚውን ይዘውት ወጡ። ካቴናው ከኦፕሬተሩ እጅ ተፈትቶ ነበር እሱ ላይ የገባው። ኦፕሬተሩ የተፈታ እጁን እያየ ተቀምጦ ቀረ። ሚስቱ ከስክሪኑ ዘንድ ተመልሳ ፊቱ ቆመች። ከዚያ ሁለት እጁን አንስታ በእጆቿ መካከል ያዘቻቸው። እሱ ሊነጥቃት ሞከረ፤ አልለቀቀችውም።

«እኔ ነኝ የተጫንኩት» አለ።

«አውቃለሁ» አለች። «በያዙህ ቀን አረንጓዴ ነበር ስትለኝ አላመንኩህም። በክፉ ቀንህ ጣልኩህ። ሁለታችንም እዳ አለብን፤ ቤታችን ሄደን እናልቅሰዋለን።»

መካኒኮቹ ወጥተው ሊሄዱ ሲሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ይህን ሁሉ ሰምቶ ልቡ ያልተመለሰው ሰው፣ ለባለሙያዋ ጠጋ ብሎ ቀዩን እንድታጠፋው ነገራት። ጽሑፉ እስካለ ድረስ ማሽኑ አይነሳም፤ ነገ ደግሞ ሥራ አለ። ባለሙያዋ ክሩን አልጠመጠመችም። ያንን ጽሑፍ ማንሳት የሚችለው የጻፈው ሰው ራሱ ከጋኑ ወጥቶ እንደሆነ፣ ደንቡን ያወጣውም ሥራ አስኪያጁ ራሱ መሆኑን አስታወሰችው።

የሟቹ ልጅ ይህን ሰማች። ከቦርሳዋ የአባቷን ጓጉንቸር አወጣች፣ ወደ ማሽኑ ማብሪያ ሄደች፣ አንጠለጠለችውና ጫነችው። ሲቆለፍ ድምፁ በአዳራሹ ተሰማ። ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

«አባቴ ገና አልወጣም» አለችው። «ሲወጣ እኔ እነግርዎታለሁ።»

መካኒኮቹ ከበሩ ተመለሱ። አንደኛው፣ ያን ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ጎልማሳ፣ ጓጉንቸሮቹ የተከማቹበት ካርቶን የት እንዳለ ሥራ አስኪያጁን ጠየቀው። ሥራ አስኪያጁም በጣቱ አሳየው።